በሐረር ግቢዬ ትንንሽ የአበባ ኮረቶችን ያበቀልሁባቸው ዓመታት

በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ኔዘርላንድስ የሚኖረው የወንድሜ ልጅ ለዕረፍት ሲመጣ፣ የዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት የተያያዘበት አንድ ትንሽ ካርቶን ይዞልኝ መጣ። በውስጡ በየመረብ ከረጢቱ ተለይተው የታሰሩ፣ ትልቁ እንኳ ከአንድ የነጭ ሽንኩርት ራስ የማይበልጥ ኮረቶች (እንደ ሽንኩርት ከመሬት በታች የሚቀመጡ ድቡልቡል የተክል ክፍሎች) ነበሩ፤ 25 ክሮከስ፣ 25 ሙስካሪና 10 ጋላንተስ። በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ የአበባው ሥዕል ታትሟል፤ ከሥዕሉ ሥር ያለውን ጽሑፍ ልጁ ሲያነብልኝ «በጸደይ ያብባል» የሚል ነበር። ያችን አንዲት ቃል መርምሬ ባለመረዳቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ኮረት አበላሽቻለሁ። ይህን የምጽፈውም እንደ እኔ በሐረር ወይም በሌላ ደጋና ወይና ደጋ ከተማ እነዚህን አበቦች ለመሞከር የሚያስብ ሰው ከእኔ ስሕተት እንዲነሣ ነው።

በእኛ ባሕረ ሐሳብ ዘመነ ጸደይ የሚባለው ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ጊዜ ነው። የአውሮፓውያንም ጸደይ በእኛ አቆጣጠር ከመጋቢት 11 ገደማ ጀምሮ እስከ ሰኔ አጋማሽ የሚዘልቅ በመሆኑ፣ በቀን ቁጥር ሁለቱ ይቀራረባሉ። (አንዳንድ ሰው ጸደይ ሲል አደይ አበባ የሚፈነዳበትን መስከረምን ማለቱ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሱ ግን የመፀው መግቢያ ነው።) ልዩነቱ ጸደዩ ከምን በኋላ ይመጣል የሚለው ላይ ነው። እዚያ ጸደይ የሚመጣው ምድር በረዶ ሆና ከከረመችበት ረጅም ብርድ በኋላ ሲሆን፣ እዚህ ግን ከደረቁ በጋ በኋላ ዝናብ ይዞ ይመጣል። ኮረት የሚባለው የተክል ክፍል ደግሞ ራሱን ከመሬት በታች የሚደብቀው ክፉውን ወቅት ለማሳለፍ ስለሆነ፣ የትኛውን ክፉ ወቅት ለማሳለፍ እንደተፈጠረ ሳይታወቅ መትከል በጨለማ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው።

ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ቤቴ ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ተዳፋት ላይ ነው፤ አፈሩ ቀይ ሆኖ ታች በኩል ይከብዳል። ግቢው ውስጥ ጥላ ላይ በሰቀልሁት ቴርሞሜትር በታኅሣሥ ጎሕ ሲቀድ ያነበብሁት ዝቅተኛው ቁጥር 9 ዲግሪ ሲሆን፣ በዚያው ዕለት እኩለ ቀን ላይ 24 ዲግሪ ደርሷል። ክሮከስና ሙስካሪ ግን ከ9 ዲግሪ በታች የሆነ፣ ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ ቅዝቃዜ ለ12 ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈልጋሉ። የእኛ ብርድ ሌሊት መጥቶ ጠዋት የሚሄድ እንግዳ ስለሆነ ለእነርሱ ከቁጥር አይገባም።

ቅዝቃዜው ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ አንዱን የሙስካሪ ኮረት ለሁለት ሰንጥቄ ባየሁ ጊዜ ነው። እንደ ቀይ ሽንኩርት ተደራርበው ከተጠቀለሉት ወፍራም ልጣጮች መካከል፣ ልብ ላይ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል አረንጓዴ ነገር ተቀምጣለች፤ በማጉያ መነጽር ሲያዩዋት የአበባው ዘለላ ገና ሳይወጣ ሙሉ ቅርጹን ይዞ ይታያል። አበባው አስቀድሞ፣ ቅጠሉ ደርቆ ኮረቱ በሞቃቱ ወራት ባረፈበት ጊዜ ተሠርቶ አልቋል። የሚቀረው አገዳው ረዝሞ አበባውን ወደ ላይ መሸከሙ ብቻ ሲሆን፣ ይህን የሚያስችለው በብርዱ ወራት ውስጥ የሚካሄደው ለውጥ ነው። ብርዱን ያላገኘ ኮረት አበባውን በሆዱ እንደያዘ ይቀራል። ክሮከስን ብትሰነጥቁ ደግሞ ልጣጭ የለውም፤ እንደ ጎደሬ ሥር ወጥ የሆነ ጠጣር ሥጋ ነው፤ በየዓመቱም አሮጌው ተሟጦ በላዩ አዲስ ይተካበታል። በአማርኛ ሁለቱንም ኮረት ብንላቸውም ይህ ልዩነት ኋላ ፍሪዚያ ስለሚባለው አበባ ስናገር ስለሚያስፈልግ እዚህ ላይ አንሥቼዋለሁ።

የመጀመሪያውን ዓመት ታሪክ ባጭሩ ልለፈው። ስድሳውንም ኮረት በጥቅምት መጀመሪያ ከበረንዳው ሥር ባለው መደብ ተከልኋቸው። ሙስካሪው እንደ ሣር የረዘመ ቅጠል ብቻ አወጣ። ክሮከሱ ከመሬት ሳይነሣ አፈሩ ውስጥ ሁለት ሦስት የጠወለጉ እምቡጦች አሳይቶ ተወው። ጋላንተሱ ጭራሽ አልበቀለም፤ ምክንያቱን በኋላ እንደተረዳሁት ይህ ኮረት ከመሬት ወጥቶ ለብዙ ሳምንት በደረቁ መቀመጥን አይችልም፤ እጄ የገባውም ሞቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጋላንተስ አላስመጣሁም፤ ማንም እንዲያስመጣ አልመክርም።

በ2011 ዓ.ም. ሌላ ካርቶን ሲመጣልኝ ብልህ ሆኜ ኮረቶቹን በወረቀት ከረጢት አድርጌ ፍሪጅ ውስጥ፣ ታችኛው የአትክልት መሳቢያ ላይ አስቀመጥኋቸው። ሙቀቱ 5 ዲግሪ አካባቢ ነበር፤ ሳምንቱንም ቆጥሬ 14 ሞላሁ። በጥር ተክያቸው ቅጠልም አገዳም ወጣ፤ እምቡጡ ግን ሊፈነዳ ሲል እንደ ተቃጠለ ወረቀት ቡናማ ሆኖ ደረቀ። ጥፋተኛው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር። የኤረር ማንጎ፣ ጊሽጣና ሙዝ ከኮረቶቹ ጋር ጎን ለጎን ከርመዋል። እነዚህ ፍራፍሬዎች ሲበስሉ ኤትሊን የሚባል የማይታይ ጋዝ ይለቃሉ፤ ሙዝ ከሌላ ጥሬ ፍሬ ጋር ሲቀመጥ የሚያበስለው ይኸው ጋዝ ሲሆን፣ በኮረት ውስጥ ያለውን እምቡጥ ግን ይገድላል። በሐረር ፍሪጅ ውስጥ ማንጎና ጊሽጣ አታስቀምጡ ማለት ከባድ ትእዛዝ መሆኑን አውቃለሁ። እኔ የፈታሁት ፍራፍሬውን በዚያ ወቅት ከፍሪጅ ውጭ በሰፌድ ላይ በማዋልና ቤተሰቡን በየጊዜው በመለማመጥ ነው።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ደርሶብኛል፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ከካርቶኑ ውስጥ ስድስት የነጭ ናርሲሰስ ኮረቶች ነበሩ። በቤት ውስጥ የምታግዘን ልጅ ከፍሪጅ አውጥታ፣ ቀይ ሽንኩርት መስሏት ሁለቱን ልጣ መክተፊያ ላይ ካደረገች በኋላ «እትዬ፣ ይህ ሽንኩርት ለምን አያስለቅስም?» ብላ ጠየቀችኝ። እግዚአብሔር ይስጣትና ጠየቀች። የናርሲሰስ ኮረት ሊኮሪን የሚባል መርዝ ስላለው፣ ጥቂቱ እንኳ ቢበላ ብርቱ ማስመለስና የሆድ ሕመም ያመጣል። ቢቀቅሉትም አይለቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም የአበባ ኮረት በቤቴ የሚቀመጠው ክዳን ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ በላዩ በቀይ ቀለም «መርዝ፤ አይበላም» ተብሎ ተጽፎበት፣ ክዳኑም አየር እንዲያስገባ በምስማር ተበስቶ ነው። ትንንሽ ልጆች ያሉበት ቤት ጨርሶ ወደ ማዕድ ቤት ባያስጠጋው ይሻላል።

ሥራው የተሳካልኝ በሦስተኛው ዓመት ነው። ደረቅ ኮረት ፍሪጅ ውስጥ ከማክረም ይልቅ፣ አስቀድሜ በትንንሽ የአበባ ቫዞዎች ተከልሁና ቫዞውን ከነአፈሩ ፍሪጅ ውስጥ አስገባሁት። ኮረቱ በብርዱ ወራት ዝም ብሎ አይተኛም፤ ከሥሩ በኩል ሥር ይሰዳል፤ አፈርና ጥቂት እርጥበት ካላገኘ ግን ይህን ማድረግ አይችልም። ባለፈው ዓመት የእኔ ተክሎች አበባቸውን በጋዙ ባያጡ ኖሮ እንኳ፣ ሥር ሳይኖራቸው በሞቃት አፈር ላይ ቅጠልና አበባ ባንድ ጊዜ እንዲያወጡ ተገደው ነበር። ለአፈሩ ሁለት እጅ ታጥቦ የተነፋ አሸዋ፣ አንድ እጅ የግቢዬን ቀይ አፈርና አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ብስባሽ እቀላቅላለሁ። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቫዞ ውስጥ ስምንት ወይም አሥር ኮረት፣ እርስ በርስ እስካልተነካኩ ድረስ ተቀራርበው ይተከላሉ፤ በላያቸው ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል አፈር ይበቃል። መደብ ላይ ሲሆን ጥልቀቱ የኮረቱ ቁመት ሁለት ወይም ሦስት እጥፍ ይሆናል። ቫዞው አንዴ ውኃ ጠጥቶ ከተንጠፈጠፈ በኋላ ቀዳዳ ባለው ፌስታል ተሸፍኖ ይገባል፤ በየሁለት ሳምንቱ አፈሩን በጣት ነክቶ ደረቅ ከሆነ በማንኪያ ማርጠብ ነው። ፍሪዘር ውስጥ ማስገባት ኮረቱን ይገድለዋል።

መብራት የሚጠፋ መሆኑ አሳስቦኝ ነበር። ነገር ግን የፍሪጁ በር ካልተከፈተ ቅዝቃዜው ለሰዓታት ስለሚቆይ፣ ደግሞም ፍሪዘር ውስጥ ውኃ ሞልቼ ያበረድኋቸውን ሁለት የሃይላንድ ጠርሙሶች ወዲያው ወደ ታች ስለማወርድ፣ የአንድ ቀን መጥፋት ጉዳት አላመጣብኝም።

በመስከረም አጋማሽ ያስገባኋቸውን ቫዞዎች በጥር መጀመሪያ አውጥቼ ለአንድ ሳምንት ጥላ ውስጥ፣ ከዚያም የጠዋት ፀሐይ ብቻ በሚያገኘው የበረንዳ ጫፍ ላይ አደረግኋቸው። ክሮከሱ በሦስተኛው ሳምንት ሐምራዊና ቢጫ ሆኖ ከፈተ፤ ሙስካሪው ከአሥር ቀን በኋላ ተከተለው፤ ሰማያዊ ጥቃቅን ደወሎች በአንዲት ዘንግ ላይ የተሰካኩ ይመስላል። እውነቱን ለመናገር ክሮከስ በእኛ ቀትር ላይ የሚቆየው ሦስት ቀን ብቻ ነው፤ ሙስካሪ ግን ሁለት ሳምንት ቆይቶልኛል። ለአራት ወር የፍሪጅ መሳቢያ ኪራይ ሦስት ቀን አበባ ያዋጣል ወይ ብትሉኝ፣ ለክሮከስ አያዋጣም፣ ለሙስካሪ ያዋጣል እላለሁ። የሙስካሪን ቅጠል አበባው ካለፈ በኋላ ራሱ እስኪደርቅ ድረስ መቁረጥ አይገባም፤ የሚቀጥለው ዓመት አበባ የሚሠራው ቅጠሉ በሚሰበስበው ምግብ ነውና። የቀሩኝን ጥቂት ክሮከሶች ደግሞ መደብ ላይ በሽቦ ወንፊት ሳልሸፍን ተክያቸው አንድ ሌሊት ጃርት ቆፍሮ ስለጨረሳቸው፣ በዚያው ተለያየን።

ሐጂ የምንላቸው ጎረቤታችን እነዚህን ሁሉ ዓመታት ከአጥሩ ማዶ ሲታዘቡኝ ቆይተው፣ ቫዞዎቹን ከፍሪጅ ሳወጣ ያዩኝ ቀን «ልጄ፣ ለአበባ ብርድ ከመግዛት ዝናብ የሚጠብቀውን አትተክይም?» አሉኝ። እሳቸው ጀጎል ውስጥ ባለው የአባታቸው ቤት ደጅ ላይ፣ ድንጋዩ ሥር፣ የዝናብ አበባ የምንላትን ሮዝ አበባ ከልጅነታቸው ጀምሮ ያውቋታል። በሳይንሳዊ ስሟ ዘፊራንተስ ትባላለች፤ የመጣችውም ከአሜሪካ አህጉር ነው። በክፍለ ቀን አንድ እፍኝ ኮረት በጋዜጣ ጠቅልለው ላኩልኝ። በእርግጥ ፍሪጁ ያስተማረኝን ያህል የእሳቸው ንግግር አስተምሮኛል።

የዝናብ አበባ ኮረቷ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አትበልጥም፤ የምታሳልፈው ክፉ ወቅትም ድርቅ ነው። ከታኅሣሥ ጀምሮ ውኃ ከልክያት ቅጠሏ ሲጠወልግ ዝም እላለሁ። በመጋቢት ወይም በሚያዝያ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ከወረደ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መደቡ ባንድ ጧት ሮዝ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. ዝናቡ ሲዘገይብኝ፣ ከስድስት ሳምንት ድርቀት በኋላ ለአንድ ካሬ ሜትር መደብ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ባንድ ጊዜ አፈሰስሁበት፤ በዘጠነኛው ቀን አብባለች፤ የአበባው ብዛት ግን ዝናብ ከሚያመጣው ግማሹ ቢሆን ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበትና ሮቶ ቆጥረን በምንጠቀምበት ከተማ ይህን በየዓመቱ እንድታደርጉ አልመክርም፤ ነገር ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ውኃ የምታጠጧት ሰዎች ለምን ቅጠል ብቻ እንደምታገኙ ያስረዳል። ኮረቷ ከሦስትና ከአራት ሴንቲ ሜትር በላይ ጥልቅ አትተከል፤ ተጨናንቃ ብታድግም ትወዳለች። አንዷ አበባ የምትቆየው አንድ ሁለት ቀን ሲሆን፣ በክረምቱ ዝናብ በሐምሌና በነሐሴ ደጋግማ ስለምትወጣ ያካክሳል።

ሌላው የድርቅ ልጅ የራሳችን አገር ተወላጅ ነው። ቀይ፣ ክብ፣ እንደ ሕፃን ራስ የሚያህል የአበባ ኳስ የሚያወጣው ስካዶክሰስ፣ በሚያዝያና በግንቦት በገደል ጥላና በቁጥቋጦ ሥር ይታያል፤ ብዙ ሰው እንዲህ ያሉትን የዱር ኮረቶች በጅምላ የጅብ ሽንኩርት ይላቸዋል፤ ጅብ ግንብ ሥር ተጠርቶ በሚበላባት ከተማ ስሙ አያስገርምም። እኔ ያገኘሁት ሰፈራችን ውስጥ ለቤት መሠረት ሲቆፈር ሠራተኞቹ ከድንጋይ ጋር አውጥተው ከጣሉት ነው። ከዱር እየነቀሉ መውሰድ ግን ነውር ነው፤ ከአበባው በኋላ የሚመጣውን ቀይ ፍሬ ለቅሞ፣ ሥጋውን አጥቦ ዘሩን ወዲያው መትከል ይቻላል፤ ለማበብ ግን ዓመታት ይፈልጋል። ኮረቱ አንገቱ ከአፈሩ ጋር እኩል ሆኖ፣ ጥላ ባለበት ይተከላል፤ ከተተከለ በኋላ መነካካት አይወድም። ከጥቅምት በኋላ ቅጠሉ ሲወድቅ ሞተ ብላችሁ እንዳትጥሉት። እሱም መርዛም ስለሆነ ፍየል ከምትደርስበት ይራቅ።

ከሁሉ የረዘመው ጉዳዬ የፍሪዚያ ነው፤ ከሁሉም የምወደው እሱ በመሆኑ በሱ ላይ ብቆይ አይፈረድብኝም። ፍሪዚያ ከደቡብ አፍሪካ፣ በብርድ ወራት ከሚዘንብበትና በጋው ሞቃትና ደረቅ ከሆነው የኬፕ ምድር የመጣ ነው፤ ሽታው ክፍል ይሞላል። በ2013 ዓ.ም. 20 ኮረት አግኝቼ አሳመርሁ፤ በጥቅምት ተክዬ በየካቲት አበቡ። በግንቦት ቅጠላቸው ሲደርቅ አወጣኋቸውና ቀዝቃዛው ጓዳችን ውስጥ አስቀምጬ በመስከረም መልሼ ተከልሁ። አንድም አልወጣም። በታኅሣሥ ቆፍሬ ባየሁ ጊዜ ግን አልበሰበሱም፤ በእያንዳንዱ አሮጌ ኮረት ራስ ላይ፣ ቅጠል ሳያወጣ፣ አንድ አዲስ ትንሽ ኮረት ተቀምጦበታል። ፍሪዚያም እንደ ክሮከስ በአሮጌው ላይ አዲስ የሚተካ ዓይነት ነው፤ ያለ ቅጠል መተካቱ ግን ጥንቆላ መሰለኝ። ለካ ፍሪዚያ እንቅልፉን የሚያስለቅቀው እንደ ሙስካሪ ብርድ ሳይሆን ሙቀት ነው፤ በ30 ዲግሪ አካባቢ ከ10 እስከ 13 ሳምንት ሳይቆይ ከተተከለ፣ ከመብቀል ይልቅ ራሱን በራሱ ላይ ተክቶ ተመልሶ ይተኛል።

ሐረር ውስጥ 30 ዲግሪ ከየት ይመጣል ብዬ ሳሰላስል፣ ታናሽ እኅቴ ድሬዳዋ ከዚራ እንደምትኖር ትዝ አለኝ። በግንቦት መጨረሻ ኮረቶቹን በመረብ ከረጢት አድርጌ፣ በሚኒባስ ደንገጎን አውርጄ ወሰድሁላት። «እትዬ፣ ሰው ከሙቀት ሲሸሽ አንቺ አበባ ታመጪበታለሽ?» ብላ ስቃብኛለች። ከረጢቱን ፀሐይ በማይነካው፣ አየር በሚያገኘው የኮሪደር ግድግዳ ላይ ሰቀለችው። በቀጥታ ከቆርቆሮው ሥር ቢሰቀል ይበስል ነበር። ነሐሴ ሲያልቅ መልሼ አመጣኋቸው፤ ከመስቀል በኋላ በመስከረም 20 ተከልሁ፤ በአሥራ ስምንት ቀን ሁሉም ወጡ፤ ጥምቀት አልፎ ሳምንት ሳይሞላ የመጀመሪያው ተከፈተ። ሥራው የተከፈለው እንዲህ ነው፦ ድሬዳዋ ሙቀቱን ትሰጣለች፤ አበባው የሚሠራው ግን ከበቀለ በኋላ በቀዝቃዛ ሌሊት ስለሆነ ያንን የሐረር ኅዳርና ታኅሣሥ ይሰጡታል። እኅቴ ጥቂቱን እዚያው ተክላ ብትሞክር ቅጠሉ ጅራፍ እስኪመስል ረዝሞ ያለ አበባ ቀርቶባታል።

ፍሪዚያ አምስት ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ስምንት ሴንቲ ሜትር ርቀት ይበቃዋል። አገዳው ቀጭን ሆኖ ስለሚወድቅ ገና በልጅነቱ በዙሪያው አራት ዘንግ ተክሎ በክር ማጠር ይጠቅማል። የሚያስቸግረኝ ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ነው፤ በአንድ ሊትር ውኃ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና በጥብጬ በማታ እረጫለሁ፤ ቅጠሉ ላይ ቢጫ ዝንጉርጉር መስመር ያወጣውን ተክል ግን ከነኮረቱ ነቅዬ አቃጥላለሁ፤ ቫይረስ ይሆናልና ለሌሎቹ ይተርፋል። ማዳበሪያን በተመለከተ ጎረቤቶች ገራባ (ከጫት የሚተርፈውን ቅጠል) አልብሺው ይሉኛል፤ አልብሼዋለሁም። ነገር ግን ገራባው ጫት ላይ የሚረጨውን ፀረ ተባይ ይዞ ሊመጣ ስለሚችልና ትኩሱ ደግሞ ኮረቱን ስለሚያበሰብስ፣ ጉድጓድ ውስጥ ከአንድ ዓመት ላላነሰ ጊዜ ከበሰበሰ በኋላ ብቻ ነው የምጠቀምበት። እበቱም እንዲሁ።

የቀሩት አራቱ የነጭ ናርሲሰስ ኮረቶች ለካ ብርድም ሙቀትም የማይለምኑ ነበሩ፤ ይህ ዓይነቱ ያለ ፍሪጅ ያብባል። በጥቅምት፣ ጠጠር በሞላ ሳህን ላይ ኮረቱ ከግማሽ በታች እንዲቀበር አድርጌ ውኃው ቂጡን ብቻ እንዲነካ ሳስቀምጠው በስድስት ሳምንት አበበልኝ። ለጀማሪ ከዚህ የቀለለ የለም፤ ከላይ ስለ መርዙ ያልሁት ብቻ አይረሳ።

ዘንድሮ ፍሪጅ ውስጥ ያሉኝ ሁለት የሙስካሪ ቫዞዎች ብቻ ናቸው። ፍሪዚያው ተባዝቶ 64 ስለደረሰ፣ ዐሥሩን ለሐጂ አጥር ሥር ተክዬላቸዋለሁ፤ በግንቦት ሲወጣም ከእኔው ጋር በአንድ ከረጢት ድሬዳዋ ይወርዳል።